በፓይተን ፋይል ሳዛውር ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ኤረር ግን የለም

ጀማሪው_ኮደር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ የገባኝ ነገር ስላለ ነው የመጣሁት።

ለዓመታት የተጠራቀመ አንድ ትልቅ ፎልደር አለኝ። ፎቶ፣ ፒዲኤፍ፣ ቪዲዮ፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉም በየንዑስ ፎልደሩ ተበታትኗል። ይህን የሚያደራጅ ስክሪፕት በፓይተን እየጻፍኩ ነው። ሥራው ቀላል ነው። በኦኤስ ዎክ ፎልደሮቹን ሁሉ ይዞራል፣ የእያንዳንዱን ፋይል ቀን ያያል፣ ከዚያ 2019፣ 2020፣ 2021 እያለ የዓመት ፎልደር ይፈጥርና ፋይሉን በኦኤስ ሪኔም ወደዚያ ይወስደዋል። የሞከርኩት ኮፒው ላይ ስለሆነ የጠፋ ነገር የለም፣ ባክአፕ ባክአፕ እንዳትሉኝ።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ስክሪፕቱ ያለ አንዳች ኤረር ይጨርሳል፣ ግን ፋይሎቹን ስቆጥራቸው ከመጀመሪያው ያንሳሉ። የት እንደገቡ አላውቅም፣ ብፈልግም የሉም። ሁለተኛ፣ ይሄው ስክሪፕት፣ አንድ ፊደል ሳይቀየርበት፣ ጓደኛዬ ዊንዶውስ ላይ ሲሞክረው መሃል ላይ «ፋይሉ አለ» የሚል ኤረር እያወጣ ይቆማል። የኔ ሊኑክስ ነው። ፓይተን የትም ቢሄድ አንድ ነው ሲባል አልነበር እንዴ?

ሦስተኛም አለ ለካ። ብዙ ፎቶ የተሳሳተ ዓመት ውስጥ ገብቷል። የ2017 መሆኑን እርግጠኛ የሆንኩበት ፎቶ ኮፒ ያደረግኩበት ዓመት ውስጥ ቁጭ ብሏል። ቀኑን የማነበው ከስታት ሲታይም ነው። ፋይሉ የተፈጠረበት ቀን እሱ አይደለም?

ሊኑክሷ፦

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልሳቸው አንድ ነው፦ ሪኔም።

ሊኑክስና ማክ ላይ ኦኤስ ሪኔም በመድረሻው ቦታ በዚያው ስም ሌላ ፋይል ካገኘ ዝም ብሎ ይተካዋል። አይጠይቅም፣ አያስጠነቅቅም። የተተካው ፋይል ትራሽ ውስጥ እንኳ አይገባም፣ በቃ የለም። ዊንዶውስ ላይ ግን ይሄው ፈንክሽን ፋይል ኤግዚስትስ ኤረር ያነሳል። ጓደኛህ ያየው እሱን ነው፣ እና እውነቱን ለመናገር ዕድለኛው እሱ ነው። ፓይተን እዚህ ላይ ራሱ የሚወስነው ነገር የለም። ጥያቄውን ተቀብሎ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያቀብላል፣ ሲስተሞቹ ደግሞ በዚህ ጉዳይ አልተስማሙም። ዶክመንቴሽኑ ላይ በግልጽ ተጽፏል ግን ማን ያነባል። በሁለቱም ላይ እንዲተካ ለሚፈልግ ሰው ከፓይተን 3.3 ጀምሮ ኦኤስ ሪፕሌስ አለ። አንተ የምትፈልገው ተቃራኒውን ነው።

ይህን ያህል ተመሳሳይ ስም ከየት መጣ እንዳትል፣ የካሜራ ፋይል ቁጥር 9999 ላይ ሲደርስ ተመልሶ ከ0001 ይጀምራል። ስካነርም እንደዚያው «ስካን 1»፣ «ስካን 2» እያለ ነው የሚሰይመው። በተለያየ ንዑስ ፎልደር እስካሉ ድረስ አይገናኙም፣ አይጋጩም። አንተ ግን ሁሉንም አንድ የዓመት ፎልደር ውስጥ ከተትካቸው፣ በዚህ የተነሳ ኋላ የመጣው የፊቱን እየበላ ሄደ።

ስለ ቀኑ፣ ሲታይም ሊኑክስ ላይ የተፈጠረበት ቀን አይደለም። የፋይሉ መረጃ፣ ማለትም ፈቃዱ፣ ባለቤቱ፣ ስሙ፣ ይዘቱም ጭምር፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካበት ሰዓት ነው። ኮፒ ስታደርግ አዲስ ፋይል ነው የተወለደው፣ ስለዚህ ሲታይሙ የኮፒው ቀን ነው። ሰው የሚሳሳተው ዊንዶውስ ላይ ይሄው ስም የተፈጠረበትን ቀን ይሰጥ ስለነበር ነው። ከ3.12 ጀምሮ ግን እዚያም ለዚህ አገልግሎት አትጠቀሙበት፣ በርዝታይም የሚባለውን ተጠቀሙ ተብሏል። ላንተ ኤምታይም ይሻልሃል፣ ይዘቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀየረበትን ነው የሚነግርህ። እሱም ቢሆን ኮፒ ስታደርግ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ሹቲል የሚባለው የፓይተን ሞጁል ውስጥ ያለው ኮፒ ይዘቱንና ፈቃዱን ብቻ ነው የሚያሻግረው። ኮፒ2 ደግሞ ቀኑንም ይዞ ለመሄድ ይሞክራል። ለፎቶ ከሆነ ግን የፋይል ሲስተሙን ቀን እርሳውና ካሜራው ፎቶው ውስጥ የጻፈውን መረጃ፣ ኤግዚፍ የሚባለውን አንብብ፣ ፒሎው የሚባለው ላይብረሪ ያነብልሃል። ኤግዚፍ ከሌለው ወደ ኤምታይም ተመለስ።

ጥቁር_ስክሪን፦

ወንድሜ ይህን ያህል አታካብደው። ከማዛወርህ በፊት መድረሻው መኖሩን በኤግዚስትስ ጠይቅ። ካለ ስሙ ላይ «_1» ጨምር፣ እሱም ካለ «_2» እያልክ ባዶ ስም እስክታገኝ ሂድ። አምስት መስመር ኮድ ነው። ፓዝሊብን ከተጠቀምክ ደግሞ የፋይሉን ስም በስቴም፣ ቅጥያውን በሰፊክስ ለይቶ ስለሚሰጥህ ቁጥሩን መሃል ላይ መሰካት ቀላል ነው። ፓዝሊብ ከ3.4 ጀምሮ ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል፣ እስካሁን ፓዝን (የፋይሉን አድራሻ) በፕላስ ምልክት የምትቀጣጥሉ ሰዎች ምን እንደምትጠብቁ አላውቅም።

በሪኔም ፈንታም ሹቲል ሙቭ ተጠቀም። እሱ ብልጥ ነው።

ሊኑክሷ፦

ብልጥነቱስ ጥሩ ነው፣ ግን ብልጥነቱ ራሱ ወጥመድ አለው፣ ሳትነግረው እንዳይሄድ።

ለሹቲል ሙቭ መድረሻ አድርገህ ያለ ፎልደር ከሰጠኸው ፋይሉን ፎልደሩ ውስጥ ያስገባል። እዚያ በዚያው ስም ሌላ ካለ ኤረር ያነሳል፣ ጥሩ። ሙሉውን ፓዝ ከነፋይሉ ስም ከሰጠኸው ግን ወደ ሪኔም ነው የሚመለሰው፣ ሊኑክስ ላይ ደግሞ ይተካል። አንድ ፈንክሽን፣ ሁለት ጠባይ።

ከዚህ የባሰው ፎልደሩ ሳይፈጠር ሲቀር ነው። ፒዲኤፎችህን «ሰነዶች» ወደሚባል ፎልደር ላክ ብለኸው ፎልደሩ ከሌለ፣ የመጀመሪያውን ፒዲኤፍ ስሙን «ሰነዶች» ብሎ ይቀይረዋል። አሁን ሰነዶች ፋይል ነው እንጂ ፎልደር አይደለም። ሁለተኛው ይመጣል፣ የፊተኛውን ይተካዋል። ሦስተኛውም እንደዚያው። ሉፑ ሲያልቅ የቀረህ የመጨረሻው ፒዲኤፍ ብቻ ነው፣ ስሙም ቅጥያ የለውም። ስለዚህ ሁልጊዜ ከማዛወርህ በፊት ኦኤስ ሜክዲርስ ከነኤግዚስት ኦኬ ጥራው፣ ፎልደሩ ከሌለ ይፈጥራል፣ ካለ ዝም ይላል።

ሰፊክስም የመጨረሻዋን ነጥብ ተከትሎ ያለውን ብቻ ነው የሚሰጥህ። «ታር ጂዚ» ዓይነት ድርብ ቅጥያ ያለው ፋይል ላይ ቁጥሩ «ታር» እና «ጂዚ» መሃል ይሰካል። የዓለም መጨረሻ አይደለም፣ ግን ያስቀይማል።

አሮጌ_ሰርቨር፦

የሁለታችሁንም አነበብኩ፣ ልክ ናችሁ፣ ግን የስክሪፕቱ አሠራር ራሱ ነው መቀየር ያለበት ባይ ነኝ። እያዩ ማዛወር፣ እያዛወሩ ማሰብ የሚባለው ነገር ለአሥር ፋይል ይሠራል። ለአሥር ሺህ አይሠራም። መሃል ላይ ቢቆምስ? ግማሹ ሄዷል፣ ግማሹ ቀርቷል፣ የትኛው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ስክሪፕቱ መጀመሪያ ምንም ሳይነካ ሁሉንም ይዞርና «ይህ ፋይል ወደዚህ ይሄዳል» የሚል ዝርዝር ብቻ ያዘጋጃል። መነሻና መድረሻ፣ ሌላ የለውም። ከዚያ ዝርዝሩን ይፈትሻል፣ አንድ መድረሻ ሁለት ጊዜ ተጠቅሷል ወይ? አንዱ መድረሻ አሁኑኑ ዲስኩ ላይ አለ ወይ? ግጭት ካለ ገና አንድ ፋይል ሳይነቃነቅ ታየዋለህ፣ ቁጥር የምትጨምረውም እዚህ ላይ ነው። ዝርዝሩን በሲኤስቪ (እንደ ሰንጠረዥ የሚከፈት የጽሑፍ ፋይል ነው) ጻፈው፣ ክፈተው፣ በዓይንህ እየው። አጥጋቢ ሲሆን ብቻ ማዛወሩን በሌላ ትዕዛዝ አስነሳ። ሲኤስቪው እንደ ጉዞ ማስታወሻ ሆኖ ይቀርልሃል፣ መመለስ ብትፈልግ መነሻና መድረሻውን ገልብጠህ ማስሄድ ነው።

ይህን ስትጽፍ ልብ የምትላቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ግጭት ስትፈትሽ ስሞቹን ወደ ትንሽ ፊደል ቀይረህ አወዳድር፣ በኬዝፎልድ። ዊንዶውስና ማክ በተለመደው አቀማመጣቸው የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደ አንድ ስም ነው የሚያዩት፣ ሊኑክስ ይለያል። ሊኑክስ ላይ ንጹህ የነበረ ዝርዝር ጓደኛህ ጋ ሲደርስ ይጋጫል። (አማርኛችን ይህ ጣጣ የለበትም፣ በምትኩ «ሥራ» እና «ስራ» ሁለት የተለያዩ ፎልደሮች ሆነው ታገኛቸዋለህ።)

ሌላው፣ የዓመት ፎልደሮቹን እዚያው የምትዞረው ፎልደር ውስጥ ከፈጠርክ ስክሪፕቱን በድጋሚ ስታስነሳ ዎክ እነሱንም ይዞራል፣ ያደራጀውን እንደገና ሊያደራጅ ይነሳል። የተሻለው መድረሻውን ሌላ ቦታ ማድረግ ነው። የግድ እዚያው ይሁን ካልክ ዎክ የሚሰጥህን የንዑስ ፎልደሮች ዝርዝር ከላይ ወደታች ሲሄድ ማሳጠር ትችላለህ፣ ያጠፋኸው ውስጥ አይገባም። ግን ያንኑ ዝርዝር በቦታው ነው መቀየር ያለብህ። አዲስ ዝርዝር ሠርተህ ለዚያው ስም ብትሰጠው ዎክ የሚያየው የድሮውን ነው፣ ምንም አይፈጠርም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግማሽ ቀን ያቃጥላል።

ሲኤስቪውን ስትከፍት ደግሞ ኢንኮዲንጉን (ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበትን መንገድ) ዩቲኤፍ-8 ብለህ በግልጽ ጻፍ። ካልጻፍክ ብዙ ዊንዶውስ ማሽን ላይ የላቲን ብቻ የሆነ የድሮ ኢንኮዲንግ ይመርጥና የመጀመሪያው የአማርኛ ፋይል ስም ላይ ሲደርስ ዩኒኮድ ኢንኮድ ኤረር ብሎ ይወድቃል። በኤክሴል የምትከፍተው ከሆነ «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» አድርገው፣ አለዚያ ኤክሴል ፊደሉን አበላሽቶ ያሳይሃል።

ጥቁር_ስክሪን፦

ለአንድ የቤት ስክሪፕት ይህ ሁሉ? ኤግዚስትስ ብሎ መጠየቅ ይበቃል እኮ።

አሮጌ_ሰርቨር፦

ብቻህን ከሆንክና ፎልደሩን ሌላ ፕሮግራም የማይነካው ከሆነ ይበቃል። ግን ስትጠይቅና ስታዛውር መሃል ክፍተት አለ። በዚያች ቅጽበት አንድ የሲንክ ፕሮግራም ወይም ሁለተኛ ጊዜ የከፈትከው ያው ስክሪፕት ፋይል ሊያስቀምጥ ይችላል፣ አንተ «የለም» ተብለህ ትተካዋለህ። አዲስ ፋይል የምትጽፍ ከሆነ መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ኦፕን ላይ የኤክስ ሞድ አለ፣ ፋይሉ ካለ ኤረር ያነሳል፣ መጠየቁና መፍጠሩ አንድ ላይ ነው የሚፈጸመው። ለማዛወር ደግሞ ሊኑክስ ላይ ኦኤስ ሊንክ ትጠቀምና ለዚያው ፋይል አዲሱን ስም እንደ ሁለተኛ ስም ትሰጠዋለህ፣ ሃርድ ሊንክ የሚባለው ይሄ ነው፣ ስሙ ከተያዘ እምቢ ይላል። ከተሳካ የድሮውን ስም በአንሊንክ ታነሳለህ። ፍላሽ ላይ ብዙ ጊዜ አይሠራም፣ ፋትና ኤክስፋት የሚባሉት ፋይል ሲስተሞች ሃርድ ሊንክ የላቸውም። ግን እዚያው ዲስክ ውስጥ ለሚደረግ ሥራ ንጹህ ነው።

ጀማሪው_ኮደር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ሰርቨር (ስምህ ነው እንዲህ ያስባለኝ) ያልከውን አደረግኩ፣ ዝርዝሩን ሳየው ግጭቱ ከገመትኩት በላይ ነበር። አብዛኛው ከካሜራ የመጣ ነው፣ ሊኑክሷ እንዳልሽው። አሁን ቁጥሩ ልክ ሆኗል።

ግን አዲስ ጥያቄ መጣ። መድረሻውን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ስቀይረው ሪኔም «ክሮስ ዲቫይስ ሊንክ» ብሎ ኤረር 18 አወጣ። በሹቲል ሙቭ ስቀይረው ሄደ፣ ግን በጣም ቀርፋፋ ነው። አንዳንድ የአማርኛ ስም ያላቸው ሰነዶች ደግሞ ኤረር 36፣ የፋይሉ ስም ረጅም ነው ይላሉ። እነዚህ ፋይሎች ከዊንዶውስ ነው የመጡት፣ እዚያ ምንም ችግር አልነበረባቸውም። መጨረሻ ላይ የቀሩትን ባዶ ፎልደሮችስ በምን ላጥፋ? አርኤም ትሪ የሚባል አይቻለሁ።

ሊኑክሷ፦

ከመጨረሻው ልጀምር፦ አርኤም ትሪን አትንካ! እሱ ፎልደሩን ከነነፍሱ ነው የሚያጠፋው፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ይሄዳል፣ ትራሽም የለም። ላንተ የሚሆንህ ኦኤስ አርኤምዲር ነው። ባዶ ያልሆነ ፎልደር ሲያገኝ እምቢ ብሎ ኤረር ያነሳል። ይህ እምቢታው ነው ጥቅሙ፣ የረሳኸው ፋይል ካለ ይነግርሃል። ዎክን ቶፕዳውን ፎልስ አድርገህ ከታች ወደላይ አስኪደው፣ ውስጠኛው ባዶ ፎልደር ቀድሞ ሲጠፋ ውጪኛውም ባዶ ይሆንና ይከተላል። ኤረሩን ያዝና እለፈው፣ ግን የትኞቹ ላይ እንደተነሳ ጻፋቸው። ብዙ ጊዜ የማይታዩ፣ ስማቸው በነጥብ የሚጀምር ፋይሎች ናቸው የቀሩት።

ኤረር 18፦ ሪኔም ዳታውን አያንቀሳቅስም፣ ስሙን ብቻ ነው ከአንዱ ፎልደር አውጥቶ ሌላው ላይ የሚመዘግበው። አንድ ጊጋባይት ቪዲዮ በቅጽበት የሚዛወረው ለዚህ ነው። ሌላ ዲስክ ላይ ግን ሌላ መዝገብ ነው ያለው፣ ዳታው የግድ መገልበጥ አለበት። ሹቲል ሙቭ ያደረገልህ እሱን ነው፣ ገልብጦ ሲጨርስ ዋናውን ያጠፋል። የቀርፋፋነቱ ምክንያት ይሄ ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም።

የፋይል ስም ርዝመቱን የሚያውቅ ይመልስልህ፣ ዊንዶውስን ከነካሁ ቆይቻለሁ።

አሮጌ_ሰርቨር፦

ስሙን እኔ ልመልስ፣ ደስ የሚል ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው ፋይል ሲስተሙ ላይ አንድ የፋይል ስም እስከ 255 ፊደል ይይዛል፣ የአማርኛ ፊደልም አንድ ተብሎ ነው የሚቆጠር። ሊኑክስ ኤክስት4 በሚባለው ፋይል ሲስተሙ ላይም ገደቡ 255 ነው፣ ግን 255 ባይት። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። 255 ለ3 ሲካፈል 85። ስለዚህ በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ከ85 ፊደል ካለፈ ሊኑክስ አይቀበለውም፣ ቅጥያውና ክፍት ቦታውም ከዚያው ላይ ነው የሚቀነሰው። «የሁለተኛው ሩብ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት የመጨረሻ የመጨረሻ የተስተካከለ» እያልን የምንሰይም ሰዎች እዚህ ላይ ነው ዋጋ የምንከፍል። በዝርዝሩ ፍተሻ ላይ ሌላ አንድ መስመር ጨምር፦ ስሙን ወደ ዩቲኤፍ-8 ቀይረህ ባይቱን ቁጠር፣ ካለፈ አሳጥር። ስታሳጥር ፊደሉን ቁረጥ እንጂ ባይቱን አትቁረጥ፣ አንድ ፊደል መሃሉ ላይ ተቆርጦ የማይነበብ ምልክት ይቀርሃል። ሁለት ረጅም ስሞች ካጠሩ በኋላ አንድ ዓይነት ሊሆኑ ስለሚችሉም የግጭቱን ፍተሻ ከማሳጠሩ በኋላ አድርገው።

ስለ ውጫዊው ዲስክ፣ ቪዲዮና የቤተሰብ ፎቶ ከሆነ ሙቭን አትመነው። እሱ ከገለበጠ በኋላ የተገለበጠው ትክክል መሆኑን አንብቦ አያረጋግጥም። በኮፒ2 ገልብጥ፣ ሁለቱንም ሃሽ አድርገህ (ከይዘቱ የሚሰላ አጭር መለያ ነው) አወዳድር፣ ከዚያ ዋናውን አጥፋ። ከ3.11 ጀምሮ ሃሽሊብ ውስጥ ፋይል ዳይጀስት አለ፣ ትልቁን ፋይል እየከፋፈልክ የምታነብበትን ሉፕ ያስቀርልሃል።

ጀማሪው_ኮደር፦

ለማወዳደሩ ፋይልሲኤምፒ የሚል ሞጁል አይቼ ነበር፣ አንድ መስመር ነው፣ ሁሉም ላይ «ትሩ» እያለኝ ነው፣ በፍጥነትም ይጨርሳል። እሱ አይበቃም?

ሊኑክሷ፦

የፈጠነው ስላላነበበ ነው። በተለመደው አቀማመጡ ሻሎው የሚባለው በርቷል፣ ያ ማለት የፋይሎቹ ዓይነት፣ መጠንና ኤምታይም ከተመሳሰሉ ውስጣቸውን ሳይከፍት «ትሩ» ይላል። አንተ ደግሞ በኮፒ2 ገልብጠህ ኤምታይሙን ራስህ አመሳስለህለታል። መጠኑ እስከተመሳሰለ ድረስ ሌላ ሊልህ አይችልም። ሻሎውን ፎልስ አድርገህ ድጋሚ አስኪደው፣ ያኔ ውስጡን አንብቦ ያወዳድራል፣ ጊዜም ይወስድብሃል። ዋናዎቹን እስካሁን ካላጠፋህ አትቸኩል።

ጀማሪው_ኮደር፦

አላጠፋሁም። ሻሎው ፎልስ ላይ አድርጌ አሁን እየሄደ ነው፣ በእርግጥም በጣም ዝግ ብሏል። ሲጨርስ የማይመሳሰል ካገኘ እዚሁ እጽፋለሁ።